የመተኛ ፌስታል

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ማታ እኔና እህቴ ጥሩዬ የተጣላነው በቡልኮ ነው። ሌላው ሰው ሲለያይ ይላቀሳል፤ እኛ ቡልኮ ስንጓተት አመሸን። እኔ ሻንጣውን ከፍቼ አወጣዋለሁ፣ እሷ ጠቅልላ ትመልሰዋለች። የወንድማችን ልጅ መስፍን መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያስጮኻል። "ኧረ እናንተ ሰዎች! አውሮፕላን እኮ እንደ ሚኒባስ 'ወራጅ አለ' ተብሎ አይቆምም!"

"እትዬ፣ በረዶ አገር ነው የምትሄጂው" ትለኛለች። "አገሩ በሙሉ ፍሪጅ ነው አሉ።"

"አንቺስ በምን ልትተኚ ነው?"

"እኔማ አገሬ ላይ ነኝ። የአገሬን ብርድ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል።"

ቡልኮው የእናታችን ነው። ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችው። ባሎቻችን ካረፉ ወዲህ እኔና ጥሩዬ ካዛንቺስ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ በዚህ ቡልኮ ሥር ነው የኖርነው። ጀርባ ለጀርባ ገጥመን ነው የምንተኛው። እሷ ታስላለች፣ እኔ አንኮራፋለሁ፤ አንዳችን ዝም ካልን ሌላኛዋ ደንግጣ ትነቃለች። ከዚያ ሰፈሩ ሊነሳ ነው ተባለ። የካዛንቺስ ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፤ አንድ ግድግዳ የተካፈለው ጎረቤት አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተበተነ። እኔን ልጄ ሰናይት ኖርዌይ ልትወስደኝ፣ ጥሩዬ ደግሞ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ መስፍን ቤት ልትጠጋ ሆነ። በቃ እንደዚያ ነው የተለያየነው። በጠቡ እሷ አሸነፈች፣ ቡልኮው ከእኔ ጋር ወጣ።

እዚያ እንደደረስኩ ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። አብራኝ የመጣች አንዲት ያገር ልጅ ታስተረጉምልኛለች። ሰውየው ቡልኮውን ጫን፣ ጫን እያደረገ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ብርድ ልብስ ነው በይው።"

"ውስጡ ምን አለ ይላል።"

"እናቴ አለችበት በይው።"

ልጅቷ አፏን ያዘች። "እማማ፣ እንደሱ ብዬ ባስተረጉምማ ሁለታችንንም ነው የሚያስሩን። ጥጥ ነው እለዋለሁ።"

እንግዲህ ስሙኝ። ብርድ አገር ትሄዳለች የተባልኩት እኔ በላብ ተጠመቅኩ። ለካ የእነሱ ብርድ ደጅ ነው የሚያድረው። ቤት ውስጥ ወለሉ ሳይቀር ይሞቃል፣ ከሥሩ ኤሌክትሪክ አንጥፈውበት። እኛ አገር ብርዱ ቀን ይወጣል፣ ማታ ከሰው ጋር ተመልሶ ቤት ይገባል። ቡልኮውን አንድ ሌሊት ለብሼው ሊያፍነኝ ደረሰ። አጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ያየኛል። እኔ በካናቴራ እተኛለሁ።

አገር ቤት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ጥሩዬ ደወለች። ሳሉ ስለበረታባት ጸበል ገብታለች፣ ከእንጦጦ ከፍ ብሎ ካለ ቦታ። ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ከብዙ ሰው ጋር ነው የሚያድሩት። "ጸበሉስ ደግ ነው፣ እትዬ፣ ቀን ቀን ደረቴ ይከፈታል። ሌሊቱ ነው የሚያፈርስብኝ። ጋቢዬ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ሱባኤዬን ሳልጨርስ ልወርድ ነው መሰለኝ" አለችና ሳቀች። ጥሩዬ የምትስቀው ስትፈራ ነው። ጀምራ ማቋረጡን ነው የፈራችው፤ ወርጄ ደግሞ መስፍን ቤት ልጆቹን ሌሊት በሳል ልቀስቅስ ወይ አለችኝ።

"ቡልኮውን እልክልሻለሁ!" አልኳት።

"ቡልኮው ቢመጣ አልቀበልም።"

"ለምን?"

"ቡልኮው ከመጣ አንቺ አትመጪማ።"

እሺ ብትልስ በማን ልልከው? የሰናይት ጓደኛ ሄለን አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር፤ "ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የምይዝልዎት፣ እማማ" አለች። እስቲ ክብደቱን እዪው ብዬ ቡልኮውን አስያዝኳት። ብድግ አደረገችና "ይሄማ ሰው ነው፣ ትኬት ይቆረጥለት" ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

በዚያ ሰሞን ነው ከልጅ ልጄ ከሊዲያ ጋር ስንሄድ አንድ ጉድ ያየሁት። ካፌ በር ላይ የሕፃን ጋሪ ቆሟል፣ በረዶው ላይ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሕፃን! እናቱ የለችም። "ልጅ ጥለው ሄዱ!" ብዬ ጋሪውን ይዤ ቆምኩ። ሊዲያ ብትለምነኝ፣ ብትጎትተኝ እምቢ። ኋላ እናትየዋ ቡናዋን እንደያዘች ወጣች። ሊዲያን ምን አለች ብላት፣ "እማማ፣ 'ልጁ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ነው ውጭ የምናስተኛው፣ አሮጊቷ ግን እንዳይበርዳቸው ወደ ውስጥ ይግቡ' አለች" አለችኝ። ሕፃኑን አየሁት። ትንፋሹ ይጨሳል፣ ጉንጩ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እስከ አንገቱ አንድ ወፍራም ከረጢት ውስጥ ገብቶ በዚፕ ተዘግቷል።

"ይሄ ከረጢት ምን ይባላል?"

"ሶቨፑሰ።"

"ምን ማለት ነው?"

ሊዲያ የመጣችው አሥር ዓመቷ ላይ ስለሆነ አማርኛዋ ደህና ነው፤ ግን አሰበች፣ አሰበች። "ሶቨ መተኛት ነው። ፑሰ ደግሞ... ሱፐርማርኬት ዕቃ የምንይዝበት። ፌስታል! የመተኛ ፌስታል።"

በሳቅ ሞትኩ። እህቴን በፌስታል ላስተኛት ነው! ግን የዚያ ልጅ ጉንጭ ከዓይኔ አልጠፋም።

በነጋታው ሱቅ ሄድን። የሚሸጠው ልጅ ጢሙ የመነኩሴ፣ ፊቱ የተማሪ ነው። ፌስታሉ ደግሞ ስንት ዓይነት መሰላችሁ! እንዲገባን ብሎ በሦስት ከፈለልን፤ የበጋ፣ የመካከለኛ፣ የክረምት። እኔ ወዲያው ገባኝ። ለቆላ ነጠላ፣ ለወይና ደጋ ጋቢ፣ ለደጋ ቡልኮ። ሌላ ምን አለው?

"ሴትየዋ የት ነው የሚተኙት ይላል" አለች ሊዲያ።

"የእኛ አገር ተራራ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይበሳል በይው። በአንድ ቀን ቆላም ደጋም ነው።"

ፌስታሉ ላይ የተሰፋው ታርጋ ላይ ሦስት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ተመችቶሽ የምትተኚበት ብርድ ነው፣ ሁለተኛው ተኮራምተሽም ቢሆን የምታድሪበት ነው አለችኝ ሊዲያ። ሦስተኛውን ዘለለችው።

"ሦስተኛውስ?"

"እሱ... እንዳትሞቺ ነው፣ እማማ።"

"እሱን ቁጥር አይጥራብኝ በይው! እኔ የምልክላት እንዳትሞት አይደለም፣ እንድትተኛ ነው።" ልጁ ሲተረጎምለት ሳቀና ልክ ነዎት፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው ማየት፣ ያረጀ ሰው ሲሆን ደግሞ ከዚያም ሞቅ ያለውን ነው መግዛት አለ። እናንተም ለወላጅ የምትገዙ ይሄን ልብ በሉልኝ።

አንዱን አወጣልኝ። ቀላል፣ ለስላሳ፣ እጅ ሲገባበት ጉም ነው። ገብተው ይሞክሩት አለኝ። ምን አሳፈረኝ! ነጠላዬን አስተካክዬ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ዚፑን እስከ አገጬ ሳበው፣ ቆቡን አናቴ ላይ አጠበቀልኝ። ፊቴ ብቻ ቀረ። "ለጥሩዬ በቪዲዮ ደውዪላትና ታየው" አልኳት ሊዲያን።

ስልኩ ተነሳ። ጥሩዬ አየችኝ።

"ወይኔ እህቴን! ማነው የገነዛት?" ብላ ጮኸች። የጸበሉ ሰው ግር ብሎ መጣ፤ ስልኩ ላይ ፊት በፊት ሆነ። አንዷማ ደረቷን መምታት ጀምራለች።

"አለሁ! አንቺ፣ አለሁ! ብርድ ልብስ እየሞከርኩ ነው!"

"እጅሽስ የት አለ?"

"ውስጥ።"

"ታዲያ በምንሽ ታማትቢያለሽ?"

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። ለማማተብ ብሞክር እጄ አይወጣም፤ ተንፈራገጥኩ። ልጁ ደንግጦ ዚፑን ከፈተልኝ።

"ውስጡስ ምንድን ነው እንዲህ ያበጠው?" አለች።

ሊዲያ ታርጋውን አነበበች። "የዳክዬ ላባ።"

"ዳክዬ!" አለች ጥሩዬ። "ዳክዬ ይዤ ጸበል ቦታ ልተኛ? አባ! አባ፣ ይምጡ ይስሙ!"

አንድ ሽማግሌ አባት ስልኩ ውስጥ ብቅ አሉ። ነገሩ ተነገራቸው። ጢማቸውን ዳበሱ። "ዳክዬ እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ሲተኙበት ግን ተጠይቄ አላውቅም" አሉ። "ይልቅ እሱን ተዉትና፣ ሲርስ ምን ይሆናል? እዚህ ሁሉም ነገር ይርሳል።"

ሊዲያ ለልጁ አስተረጎመችለት። ልጁ ጣቱን ወደ አባ ቀሰረ፤ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው አለ። ላባው ደረቅ እስከሆነ ድረስ እሱን የሚያክል የለም፤ ከራሰ ግን ተጣብቆ ይቀራል፣ አያሞቅም። እርጥበት ላለበት ቦታ ሰው ሠራሹ ነው የሚሻለው፤ ትንሽ ቢከብድም ቢርስም ያሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። ከዳክዬው ሙግት በውኃው ምክንያት ተገላገልን።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብርዱ ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከመሬት ነው። የተጋደሙበት ወገን ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም፣ ከሥር ምንጣፍ መግዛት አለባችሁ አለ። ይሄንንስ እኔም አውቀዋለሁ። "አጎዛ ፈልጊና ሰሌኑ ላይ አንጥፊ" አልኳት ጥሩዬን። አባ "አጎዛ እኔ እሰጣታለሁ" አሉ። ከሄለን ሁለት ኪሎ ላይ የምንጣፉ ክብደት ቀረልን።

ሰው ሠራሹን መረጥን። ሰፋ ያለ ነው፣ እጅ ያስወጣል፣ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ዚፑ ዙሪያውን ተከፍቶ እንደ ብርድ ልብስ ይዘረጋል። ልጁ ሁለት አምጥቶ "የግራ ነው የቀኝ?" አለ።

"ምኑ?"

ዚፑ ነው። አንዱ በግራ ይከፈታል፣ አንዱ በቀኝ። ለምን ብትሉ፣ ባልና ሚስት ሲሆኑ የግራና የቀኝ ይገዙና ዚፑን ከዚፑ ያገጥሙታል፤ ሁለቱ አንድ ሰፊ ይሆናል፣ አብረው ይተኙበታል።

እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ያዝኳቸው። ሊዲያ አየችኝ። ይቺ ልጅ ብልህ ናት፣ ምንም ሳልላት "ሁለቱንም" አለችው።

ማታ ሰናይት "እማዬ፣ ሁለተኛው ለምንድን ነው? ቤታችን ይሞቃል እኮ" አለችኝ።

"ይሙቀው" አልኳት።

የቀኙን ሄለን ወሰደችው። ጥሩዬ እስክትደውል ምግብ አልወርድልኝ አለ። አንድ ጠዋት፣ ሰናይት ሥራ ስትወጣ፣ ስልኩ ጮኸ።

"ተኛሽ?" አልኳት፣ ሰላምታም ሳልሰጣት።

"ተኛሁ፣ እትዬ። ደወል ነው የቀሰቀሰኝ። ሳሉ አለ፣ ብርዱ ግን የለም። ሱባኤዬን እጨርሳለሁ፣ አልወርድም።"

"ተመስገን! ተመስገን!"

"ሰዉ ሁሉ እየመጣ እጁን ይከትበታል። አንዷ 'የጥሩዬ ፌስታል' ብላ ስም አውጥታለታለች።" ትንሽ ሳለች። "ግን ጀርባዬ ባዶ ነው። ሰው ሠራሽ አላችሁኝ እንጂ ሰው አልሠሩበትም።"

"ምን ላድርግልሽ እንግዲህ።"

"ደግሞ ይሄ ዚፕ ከሌላ ነገር ጋር ሊገጥም የተሠራ ይመስላል። ለአባ አሳየኋቸው፤ አገላብጠው አዩትና 'ይሄ ጓደኛ አለው' አሉ። የታለ ጓደኛው?"

ወንበሩ ላይ ቡልኮው አለ፣ ከላዩ የግራው ፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"እኔ ጋ ነው" አልኳት።

ከበስተኋላዋ ሰው ሲያስል ይሰማኛል፣ ሩቅ ደግሞ ወረብ ይሁን ጸሎት እንጃ። ከዚያ እንደ ልጅነቷ፣ ቀስ ብላ፣ "ታዲያ መቼ ነው የምታመጪው?" አለች።

"ሃሎ? ጥሩዬ? ሃሎ? ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው" አልኳት።

ኔትዎርኩ ደህና ነበር።