የለበሰውን ጠይቅ

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሳሙና፣ ዘይት፣ ማካሮኒ፣ የሕፃን ቅባት እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር ቢኖር ማስታወቂያ እነሱን እንደማይሸውዳቸው ነው። አንዷ ጎረቤቴማ «ማስታወቂያ አይቼ ዕቃ ከገዛሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብላ ምላ ሳትጨርስ፣ «በይ እስቲ ያቺን በቴሌቪዥን ልጅቷ ነጠላ የምታጥብባትን ሳሙና ስጪኝ» ትለኛለች። የሳሙናዋን ስም እንኳ አታውቀውም። አውርጄ እሰጣታለሁ፤ ምን ቸገረኝ።

ሰው መቼም የሚታለለው ጎረቤቱ እንጂ እሱ ራሱ አይመስለውም። በዚህ ብዙ ጊዜ እስቃለሁ። ማስታወቂያ እውነት ሰው ያስገዛል ወይስ አያስገዛም የሚል ክርክር ሱቄ ደጃፍ ላይ ሲነሳ ግን እኔ አልገባበትም። አባቴ ትዝ ይሉኛል።

አባቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ባና ሸማኔ ነበሩ። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ፣ ቀን የሚደረብ፣ ሌሊት የሚለበስ ወፍራም ልብስ ነው። ፀጉሩን የምትፈትለው እናቴ ናት። እሷ ፈትላ ታቀርባለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ፣ ከዚያ ነፋስ እንዳያሳልፍ በሙቅ ውሃ እየረገጡ ያጠብቁታል። ክሩ ሲያምርላት «ዛሬስ እጅሽ ተባርኳል» ይሏታል፤ ሲቋጠርባት ደግሞ «ማንን እያሰብሽ ነው የፈተልሽው?» ብለው ያሾፉባታል። እኛ ልጆቻቸው ሁላችንም በእሷ ክርና በእሳቸው እጅ ነው ያደግነው።

በአገራችን ገበያ የገዛ ሥራን ማሞገስ ነውር ነው። አባቴ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም ብለው ይቆማሉ። ገዢው ይመጣል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ጫፍና ጫፉን ይዞ ይጎትታል። «እንዴት ነው አባባ፣ ያሞቃል?» ካላቸው፣ «እኔ ምን ብዬ ልንገርህ? የለበሰውን ጠይቅ» ነው መልሳቸው። የለበሰ ሰው ደግሞ ከገበያው አይጠፋም። አንዱ አላፊ ቆም ይልና «ግዛ ወንድሜ፣ እኔ በኚህ ሰውዬ ባና ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ» ይላል። ይህ ሰው ምስክር ነው። ዕቃው የሱ አይደለም፣ ከሽያጩም የሚያገኘው የለም፤ ስለዚህ ቃሉ ከመሐላ አይተናነስም። ምስክር ተናግሮ የሚጠራጠር ሰው እኛ ዘንድ እንደ ባለጌ ነው የሚታየው።

እናቴ ደረቷን በታመመችበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እሷን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በገበያው ቀን ከአባቴ ጋር ወጣሁ። አንድ የጭነት መኪና ሞንታርቦ ጭኖ መጥቷል። ላዩ ላይ አበባ አበባ ያለበት፣ ሲነኩት የሚለሰልስ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተከምሯል። አንድ ወጣት ማይክ ይዞ ይለፈልፋል።

«ባና ድሮ ቀረ! ለምን ይከብድዎታል? ለምን ይበርድዎታል? እናትዎን ከብርድ ይታደጉ!»

አባቴ ባናቸውን እንደ ደረቡ ሄደው ልጁ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ዕቃው ያንተ ነው?» አሉት።

«ኧረ አይደለም አባባ፣ እኔ አስተዋዋቂ ነኝ።»

«ለብሰኸው ታውቃለህ?»

ልጁ ሳቀ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ፣ «እንዴታ አባባ! እናቴ ራሷ ከዚህ ሌላ አትለብስም! ከባና እጥፍ ያሞቃል!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ።

የአባቴ ፊት ተለወጠ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ልጁ የእንጀራውን እየሠራ እንደሆነ ገብቶኛል። አባቴ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ዕቃው የእሱ አይደለም፣ ለብሰነዋል ብሏል፣ የእናቱን ስም ጠርቷል፣ ያውም በአደባባይ። በእሳቸው ሕግ ይህ ሙሉ ምስክር ነው። ልጁ ለምስጋናው እንደሚከፈለው ብነግራቸው፣ «ሰው ተከፍሎት በእናቱ ይዋሻል? አንቺን ከተማ ምን አስተማረሽ?» ብለው ተቆጡኝ። በግ ሸጡና ብርድ ልብሱን ገዝተው ለእናቴ አለበሷት።

የቀረው ገበያተኛም ገዛ። ክረምቱ ሲጠና ግን ብዙው በየቤቱ አበባውን ለእንግዳ አስቀምጦ፣ ለአባቴ ሳይነግር፣ ወደ ባናው ተመለሰ። ክርክሩ ስለ ገዢ ከሆነ፣ ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ያስገዛል፣ የመንዝ ብርድ ደግሞ ያስተምራል እላለሁ። ሠሪው ምን ይሆናል የሚለውን ግን በሱቄ ደጃፍ ማንም አንስቶት አያውቅም።

ነሐሴ ላይ ተመልሼ ስሄድ የሽመናው ዕቃ ከቦታው የለም። ተፈታትቶ ከጣራው ሥር ተሰቅሏል፤ መወርወሪያው አቧራ ጠጥቷል።

«ምነው አባዬ?» አልኳቸው።

«ተይኝ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ብርድ ስሸጥ ኖሬያለሁ። እነዚያ የመሰከሩልኝም የተሻለ ስላላዩ ነው። ከእንግዲህ ምን ብዬ ልሸምን?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም። እኔን ያናደደኝም እሱ ነው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሱን እያስዳሰሱ ያመሰግናሉ። «እስቲ ልስላሴውን እዩት! እሷም ነፍስ የዘራችው በሱ ነው።» የንስሐ አባታችንን ሳይቀር እንዲገዙ መከሯቸው። ሞንታርቦ የሌላቸው አስተዋዋቂ ሆነው አረፉት።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል አይወጣትም። ከታመመች ወዲህ አባቴ የሚተኙት ማዶ መደቡ ላይ ነው። በጎቹን ሊያዩ ወጣ ሲሉ፣ ትራሷን ላስተካክልላት ብዬ እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደድኩ። ሻካራ ነገር ነካኝ። ባና ነው። ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠራው የራሷ አሮጌ ባና ገላዋ ላይ ተጠቅልሏል፤ አበባው ከላይ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝም በይ! ለአባትሽ እንዳትነግሪያቸው።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያ ዕለት ቢበርደኝ ጊዜ ጎትቼ ከሥር አደረግሁት። በግ ሸጠው፣ እንዲያ ደስ ብሏቸው ተሸክመው ያመጡልኝን፣ በረደኝ ልበላቸው? ሆድ ይፍጀው። ሲሻለኝ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አብረን እንስቃለን።»

«ሽመናውን እኮ ትተዋል!» አልኳት፤ ተቆጥቼ ነው።

«አላየሁም መሰለሽ? የሚያመኝ ደረቴ ብቻ ነው እንዴ?» አለችና ከራስጌዋ አንድ ቋጠሮ አወጣች። ውስጡ ክር ነው። ሲሻላት ሲሻላት፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ትራስ ተደግፋ የፈተለችው የበግ ፀጉር። «ስነሳ ይኸን ይዤ ነው የምነግራቸው። በሉ አንቱ፣ ዕቃዎን ያውርዱ፣ እላቸዋለሁ።»

ይህን ስትል ዓይኗ በራ። ያን ቀን በልቧ ይዛ እንደምትኖር ገባኝ። ከእሷ ቀድሜ ብናገር ደስታዋን መቀማት ነው፤ ለእሷ ተውኩላት።

መስቀል ሳይደርስ ሞተች።

ሊገንዟት የመጡት ሴቶች ብርድ ልብሱን ሲገልጡ ባናው ወጣ። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የገዛ ሥራውን የማያውቅ ሸማኔ የለም። ቀረቡና እንደ ገዢ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው ዕለት አባዬ።»

«በርዷት ነበር ወይ?»

«በአንቱ ባና ውስጥ ነበረች። አልበረዳትም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «የለበሰውን ጠይቅ ስል ኖሬ!» አሉ፤ «የለበሰውን ጠይቅ ስል ኖሬ፣ እኔ ግን ቤቴ ውስጥ የለበሰችውን አልጠየቅሁም!» እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለአባቴም ጠራላቸው፤ የጠራው ግን ሬሳ ላይ ነው።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ክሯን ሰጠኋቸው። የሽመናውን ዕቃ ያወርዳሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ቋጠሮውን ፈተው ለረጅም ጊዜ አዩትና መልሰው ቋጠሩት። ግማሽ ባና እንኳ አይወጣውም፤ የሚጨምርበት ፈታይ ደግሞ የለም።

አንድ የገበያ ቀን ግን ያን ጥቁር ባና ደርበው ወጡ። ነገሩ ስላላማረኝ ተከተልኳቸው። መኪናው እዚያው ቦታ ላይ ቆሟል፤ ማይኩን የያዘው ሌላ ልጅ ነው። አባቴ ከጎኑ ሄደው ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰውዬ ጮኹ።

«ስሙኝ! ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የለበሰችው መጥታ ትመስክርልኝ እንዳልል አፈር ገብታለች። ያሞቃል! ሚስቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያሞቃት ይህ ነው!»

ሞንታርቦው ድምፃቸውን ዋጠው። በቅርብ ያሉት ብቻ ሰሙ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው ሰውዬውን ሐዘን ነካ አድርጓቸዋል ብሎ አለፈ። እኔ እጃቸውን ይዤ ልመልሳቸው ስል አንዲት ሴት ቀረበችና የባናውን ጫፍ ዳሰሰች።

«ደኅና ሥራ ነው። ስንት ይሉታል አባባ?»

«አይሸጥም» አሉ።

«ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?»

አባቴ ባናውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት።

«ሳልጠይቃት ሄደችብኝ» አሉ፤ «ምናልባት ብትሰማኝ ብዬ ነው።»