የሰበታዋ ሴት

ውሽማ ኖሮኝ አያውቅም። የሰፈሬ ሰው ግን ሰበታ ላይ አንዲት ሴት እንደነበረችኝ ያውቃል፤ ያወቀውም ከራሴ አፍ ነው። ጉዴን ልናገር።

ነገሩ የጀመረው በብስጭት ነው። ቡራዩ ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለኝ፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል ነው። ድሮ ደንበኛ ሲከራከረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በጨዋታ አዋዝቼ ነበር የምሸጠው። በኋላ ግን የሰው ድምፅ ያስጠላኝ ጀመር። ውሃ ቀጠነ ብዬ እጣላለሁ። አንድ ቀን የሚስማር ዋጋ ሁለቴ የጠየቀኝን ሰውዬ ከሱቄ አባረርኩት፤ እሱ ሲወጣ ሆድ ባሰኝና ከቆርቆሮው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሰውዬ! ቤት ስገባ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። የሚስቴ እጅ ትከሻዬን ሲነካኝ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው እሆናለሁ። አልጠላኋትም። ሌላ ሴትም አላማረኝም። ምንም ነገር ነው ያላማረኝ፤ ምግቡም፣ ገበያውም፣ ዓመት በዓሉም። ምን ሆነሃል ስትለኝ ምንም እላለሁ።

ቡራዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ አይታሰብም፤ ግማሹ ሰው የሱቄ ደንበኛ፣ ግማሹ የሚስቴ እድርተኛ ነው። ስለዚህ ታክሲ ቀያይሬ ሰበታ ሄድኩ። ለሚስቴ መርካቶ ዕቃ ላመጣ ነው አልኳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ሆና ቆየችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ እንደምንም ነገርኳት። ደም ሰጠሁ። የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ፣ የወንድ ሆርሞኔ፣ ቴስቶስትሮን የሚሉት፣ ብዙም አይከፋም አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። በሽታ ካልሆነ እንግዲህ ጠባዬ ነው የተበላሸው፤ ለጠባይ ደግሞ ኪኒን የለው። እሷ ግን በዚያ አልተወችውም፤ ሌላ ምርመራ አዘዘች። ሆርሞኑ አብዛኛው በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው፤ ሰውነት እንደ ልቡ የሚጠቀምበት ሳይጣበቅ የቀረውን ጥቂቱን፣ ነጻውን ነው ብላ አስረዳችኝ። የእኔ ነጻው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቦርጬን አየች፤ ስለ እንቅልፌና ስለ አዋዋሌ ጠየቀችኝ። ዕድሜም አለበት፣ ቦርጩና የእንቅልፉ መቆራረጥ ግን ሳያባብሱት አይቀሩም አለች። ብስጭቱ፣ ማልቀሱ፣ ፍላጎት ማጣቱ ሁሉ ከዚህ ብቻ የመጣ ነው አልልም፣ ድርሻ ግን አለው አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቴን ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ፤ ስለ እንቅልፌ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው ሚስቴ ናት አለች። እሺ አልኳት። በሆዴ ግን ሞቼ ነው አልኩ።

ለካ አንድ የሰፈራችን ሰው ሰበታ ታክሲ ስጠብቅ አይቶኝ ለሚስቴ ነግሯት ኖሯል። መርካቶ ነኝ ያለ ባል ሰበታ ምን ይሠራል? ቤት ውስጥ ደግሞ ፊቱን ያዞራል። ሚስቴ ሁለቱን አገጣጠመች። አልፈርድባትም።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ሽማግሌዎች ቤቴ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ከመካከላቸው ትልቁ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው። ሚስቴ በሩ አጠገብ ሆና የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። እውነቱን ካልነገረኝ ልጆቼን ይዤ ሱሉልታ እህቴ ጋ እገባለሁ ብላቸዋለች። ኦቦ መረቁና፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ነገር ጀመሩ። ክው አልኩ፤ ያወቁብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ተረት መተረታቸው ነበር።

«ልጄ፣ ሰበታ ምን አለህ?» አሉኝ።

ጺማቸው ፊት ስለ ወንድነቴ ላወራ ነው? ከዚያ ወዲያ በምን ዓይናቸው ሊያዩኝ? ዝም ብል ደግሞ ሚስቴ መሄዷ ነው።

«ሴት አለችኝ» አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ቀለል አላቸው! ይህንን በሽታ ያውቁታል፤ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀውበታል። ሚስቴ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኦቦ ሁለተኛ ሰበታን እንዳልረግጥ አስማሉኝ፤ ማልኩ። ሐኪሜም ቀጠሮዬም ሰበታ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከማልኩ በኋላ ነው።

ሚስቴ ይቅር አለችኝ። የገደለኝ ይቅርታዋ ነው። ፀጉሯን ተሠራች፣ ኩል ተኳለች፣ ራት መብላት ተወች። ከሌለች ሴት ጋር ትፎካከር ጀመር። እኔ ያው ወደ ግድግዳዬ እዞራለሁ። ድሮ ደክሞት ነው ትል ነበር፤ አሁን ልቡ እሷ ጋ ነው ትላለች። ምኗ ነው ከእኔ የሚበልጠው ብላ ትጠይቀኛለች፤ ቁመቷ ነው፣ ልጅነቷ ነው? ምን ልበል? ቀይ ናት ልበል፣ ጠይም ናት ልበል? ዝም ስል ይብስባታል። እውነቱን ባወጣ ገመናዬ ይገለጣል፣ በዚያ ላይ ሽማግሌዎቹን ያታለልኩ እሆናለሁ። ባላወጣ ትዳሬ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ እውላለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ እጮኽበታለሁ።

በመጨረሻ ሻንጣዋን አዘጋጀች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

«አንድ ጊዜ አሳየኝና እሄዳለሁ» አለችኝ።

መሐላዬን አፍርሼ ወሰድኳት። የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ ተከተለችኝ፤ ሰበታ ደረስን። ክሊኒኩ በር ላይ፣ እዚህ ነው የምትሠራው ብላ ጠየቀችኝ። ግቢ አልኳት። ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ሚስቴ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ አየቻት፤ ወጣትነቷን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐኪሟ ግን ፊቷ በርቶ፣ እሰይ፣ ባለቤትዎን አመጡልኝ ብላ ወንበር ሳበችላት።

የእኔ አፍ አልታዘዝ ስላለ ሁሉንም የነገረቻት ሐኪሟ ናት። መድኃኒት ከመታሰቡ በፊት ቦርጬ መቀነስ፣ እንቅልፌም መመርመር እንዳለበት ነገረቻት። ያንኮራፋሉ ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ ሚስቴ ትንፋሼ ቁርጥ ብሎ እንደሚቆይና ያን ጊዜ በክርኗ ጎስማ እንደምትመልሰኝ ተናገረች። ለካ እኔ ሳላውቅ ስትጠብቀኝ ነበር የምታድረው። አንገቴን ደፋሁ።

ውጭ ስንወጣ መንገድ ላይ ቆመች።

«ከሌለች ሴት ጋር ስታገል ቁጭ ብለህ አየኸኝ?»

አለቀሰች፤ እኔም መንገደኛ እያየኝ አለቀስኩ። አሁን ወደ እህቷ ትሄዳለች ብዬ ስፈራ ወደ ቤት የሚመልሰን ታክሲ ውስጥ ገባች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ነገ ኦቦ ጋ ሄጄ እውነቱን ተናግሬ መሐላዬን እንዲያነሱልኝ እለምናለሁ አልኳት። ቀልጠፍ ብላ ዞረች።

«እንዳታደርገው! ባሏ እንዲህ ሆኗል እየተባለ በየለቅሶው ሊወራብኝ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሴትዮዋ ትኑር። ሰበታ ለመመላለስህ ለኦቦ የምነግራቸው ምክንያት እኔ አላጣም።»

ምን እላለሁ፤ እሺ አልኳት።