ደመና ነው ተብሎ የተደፈነ ጉድጓድ

ይድረስ ለሰማይና ለምድር፣ ለነጭ ድብና ለመንግሥታት ሁሉ፦ የቃናቅ መንደሯ ቱኩሜቅ፣ ቁመቷ ውሾች ከሚጎትቱት ሸርተቴ መደገፊያ የማያልፍ፣ ከእንግዲህ በግሪንላንድ የበረዶ ግግር ላይ ጉድጓድ እንዳይኖር ወስናለች። የተገኘ እንደሆነ ይደፈናል። አካፋ አያሻም፤ አንድ ጣት ይበቃል።

ሥራዋ ይኸው ነበር። ሳተላይት አንዱን የበረዶ ሜዳ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ ያነሳዋል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አስተያይቶ የየቦታውን ከፍታ ያወጣል። ደመና ወይም ጥላ ሲያደናግረው ግን የሌለ ጉድጓድ ይቆፍራል። ያን የሐሰት ጉድጓድ እየደፈኑ ካርታውን ማቃናት የቱኩሜቅ መተዳደሪያ ነው። በቢሮው ፈጥኖ በመድፈን የሚደርስባት የለም። አለቃዋ ሞገንስ «እጀ ፈጣን» ይላታል፤ ዓይነ ፈጣን ያላት ግን የለም።

ዛሬ ከቀትር በኋላ የዘንድሮው ፎቶ መጣ። በዘጠነኛው የካርታ ቅጠል፣ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ አምና ደመና ነው ብላ የደፈነችው ጉድጓድ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ያው ቦታ፣ ያው ቅርጽ፤ ጥልቀቱ አርባ ሜትር። ደመና ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ እንዲያ የሚቀመጠው ደመወዝተኛ ብቻ ነው።

ጉድጓዱ የእውነት ነበር። ከግግሩ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ሲሾልክ ላዩ ይሰምጣል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ደግሞ ስስ በረዶ እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ከሦስት ቀን በፊት አጎቷ ኡሳቃቅ ግግሩን ሊሻገር አሥራ ሁለት ውሾቹን ሸርተቴው ላይ ሲጠምድ ያን ቅጠል ያስያዘችው ራሷ ናት።

«አባቴ በዳር ዞሮ ነበር የሚሄደው» አለ ያኔ፣ የዓሣ ነባሪ ቆዳ እያላመጠ።

«ዙሪያው ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አጎቴ። በዚህ በኩል አቋርጥ፤ ልሙጥ ነው።»

«ረግጠሽዋል?»

«ከሰማይ ታይቷል።»

«ከሰማይማ የኔም መላጣ ልሙጥ ነው። ቀርበሽ ብታዪው ስንት ጠባሳ አለበት።» ካርታውን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተ። «ይሁን። የማምነው ወረቀቱን አይደለም፤ አንቺን ነው።»

አሁን ስልኳን አነሳች። ኡሳቃቅ ባትሪ ለመቆጠብ የሳተላይት ስልኩን የሚከፍተው በቀን አንዴ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በእሷ ስሌት የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ የሚደርሰው በአሥር ሰዓት። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ደወለች፤ ዝግ ነው። ወደ ሞገንስ ሮጠች።

«ሄሊኮፕተር ይላክ። ካርታው ስህተት ነው።»

«ቀስ በይ። ስህተት የሚባለው ኮሚቴው ሲያረጋግጥ ነው። ለጊዜው ‹ልዩነት› እንበለው።»

«ልዩነቱ ውስጥ አጎቴ አለ።»

«ስህተት ካልሽ እኮ፣ ማን ደፈነው ይባላል።»

«እኔ ነኛ። ጻፈው።»

ሞገንስ እስክሪብቶ ፈለገ። የአንድ አገር ሙሉ በረዶ ለክቶ የሚያትም ቢሮ የሚጽፍ እስክሪብቶ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ቱኩሜቅ ፈረመች። ሄሊኮፕተሩ የተነሳው አሥር ሰዓት ሲሆን ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አብራሪው በሬዲዮ ተናገረ፦ «ወደ ሰመጠው ሜዳ የገባ የሸርተቴ ዱካ አይተናል። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ በረዶ እያነሳ ነው፤ የወጣ ዱካ አልታየንም። ነዳጅ ልንቀዳ እየተመለስን ነው።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። አሥራ ሁለት ከሃያ። በዚህ ወር ፀሐይ አትጠልቅም፤ ከመስኮቱ ማዶ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል፣ አንድ ሰው ሲቀር። ሞገንስ ስለ ልዩነቱ ሁለተኛውን ገጽ ይጽፋል። ቱኩሜቅ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ብላ ልታየው እንኳ ትፈራለች።

አንባቢ ሆይ፣ ዘጠነኛው ቅጠል ለሌሎችም ታድሏል። ሻንጣህ ውስጥ ካለ አውጣው፤ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለውን ልሙጥ ነጭ ቦታ ክበብና «ጉድጓድ» ብለህ ጻፍበት። እስክሪብቶ እንዳለህ እርግጠኛ ነኝ። በዚያ በኩል ካለህ ደግሞ በዳር ዙር፤ ከወዲያኛው ጠርዝ የአሥራ ሁለት ውሾች ዱካ መውጣት አለመውጣቱን ተመልከትና ለቱኩሜቅ ደውልላት።