ስድስት ፊርማ

ያኔ ከቦሌ እስከ ገርጂ ፎቅ እንደ አሸን ይፈላ ነበር። ፎቅ ሲበዛ ከፎቅ የሚወድቅም ይበዛል። እኛ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምንማር ሐኪሞች፣ «ለመማር እንዲህ ያለ ዘመን አይገኝም» እንባባል ነበር። ስንስቅ ቀልድ ይመስል ነበር እንጂ ከልባችን ነበር የምንለው።

ስድስት ነበርን። አልትራሳውንድ የምታስተምረን ሐኪም ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች፤ ምላሷ ግን ከመርፌ ይሰላል። እያንዳንዳችን ሎግቡክ የምንለው ደብተር ነበረን። በማሽኑ ያየነውን በየረድፉ እንሞላለን፣ እሷ ትፈርማለች። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ ሳንባ ዙሪያ የገባ አየር፣ እርግዝና፣ ሁሉም ተሞልቶ አንድ ረድፍ ብቻ ስድስታችንም ላይ ባዶ ቀረ፤ መምታት ያቆመ ልብ። ይህ ሳይፈረም ለፈተና መቀመጥ የለም። ፈተናው በቀረበ ቁጥር ሁላችንም አንድ ነገር እንመኝ ነበር። ምን እንደምንመኝ ግን ማናችንም ጮክ ብለን አልተናገርንም።

አንድ ጠዋት ከኢምፔሪያል ወዲህ ካለ ጅምር ሕንጻ የወደቀ ልስን ሠራተኛ አመጡልን። ሃያዎቹን ያላጋመሰ ልጅ ነው። ሱሪው ላይ ያለው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም። ደረቱን እየተፈራረቅን ተጫንን፣ መድኃኒቱን ሰጠን፤ አልተመለሰም። አስተማሪያችን በማሽኑ ልቡን አየች፣ ቀጥላ ሰዓቷን አየች፤ «አራት ሰዓት ከሩብ» አለች። ነርሷ ጻፈች። አንሶላውን ልስብበት ስል አስተማሪያችን እጄን ያዘችኝ።

«ምኑን ነው የምትሸፍነው? ስድስታችሁም ባዶ ረድፍ ይዛችሁ! ኑ፣ በየተራ።»

ተሰለፍን። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ የተሰማኝ ግን ሐፍረት አልነበረም፤ እውነቱን ከተናገርኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

አልጋውን የከለለው መጋረጃ አጭር ስለነበር ከግድግዳው ጋር አይገጥምም። በክፍተቱ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ የተቀመጡ ሴትዮ ታዩኝ። እናቱ ናቸው። ማንም ምንም አልነገራቸውም። አንዱ ሬዚደንት ተነስቶ ሌላው ልጃቸው ደረት ላይ ባጎነበሰ ቁጥር ያማትባሉ። ነፍሱን ለመመለስ የምንታገል መስሏቸዋል። ይህ በደንብ ገብቶኝ ዞር አልኩና ተራዬን ጠበቅሁ።

አምስቱ ቶሎ ቶሎ አግኝተው አስፈረሙ። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ፤ እጄም ከሁሉም ቀርፋፋ ነው። ጄል ጨመርኩ፣ የማሽኑን መመርመሪያ ከጎድን አጥንቱ በታች ገፋሁ፣ ምንም የለም። እንደገና ጨመርኩ። ላቤ ተንቆረቆረ።

«ልብ እየፈለግህ ነው ወይስ አንተም ግድግዳ ትለስናለህ?» አለች አስተማሪያችን።

ጓደኞቼ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጀርባዬን ለኮሪደሩ ስለሰጠሁ እናትየው ፊቴን አላዩም።

ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ልቡ ስክሪኑ ላይ መጣልኝ፤ ዝም ብሏል። አስተማሪያችን ፈረመችልኝና «መርዶውንም አንተው ንገር፤ ሁላችንንም ያቆየኸን አንተ ነህ» አለችኝ።

ወጥቼ «እናቴ፣ የተቻለንን ሁሉ አድርገናል» አልኳቸው። እንዲህ ማለት የተማርነው ክፍል ውስጥ ነው። በወረቀቱ ላይ ልጃቸው የሞተው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ እኔ ስነግራቸው አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ወዲያው እሪ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ፊቴን ትክ ብለው አዩና የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው የግንባሬን ላብ ጠረጉልኝ። የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። ዓመት አልፎ እኔም አዲስ የገቡትን ሳስተምር፣ እኚሁ ሴት ጥቁር እንደለበሱ ደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ መጡ። ገና ሲያዩኝ ከወረፋው ተነሱ።

«ይሄ ነው!» አሉ አጠገባቸው ለተቀመጡት። «ለልጄ ስድስት ሐኪም ሲታገልለት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አምስቱ ቶሎ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ተነሱ። ይሄ ግን አልተወውም። ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ አልተወውም።»

ተማሪዎቼ ዞረው አዩኝ። በአክብሮት ነበር የሚያዩኝ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ።

«አትንገረኝ ልጄ፣ አይቼዋለሁ። ሌላው እንኳ ቢቀር፣ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ለፋለት እያልኩ ነው የምተኛው» አሉኝና ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ሳሟቸው። «እነዚህን እጆች እግዜር ይባርካቸው።»

ተማሪዎቼ አሜን እስክል ይጠብቁ ነበር። «አሜን» አልኩ።