አበባ ብዙ፣ ሴት ብዙ

ባለፈው መስከረም ወደ መቂ ስንወርድ መኪናችን ሽንኩርት ከጫነ አይሱዙ ኋላ ተገትራ ቀረች። እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩና ከመንገዱ ዳር አደይ አበባ ቀነጠስኩ። መራራ ሽታው ጣቴ ላይ ሲቀር ናዝሬት የነበረው ግቢያችን ከነሰርቪሱ ድቅን አለብኝ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰርቪሱን የተከራዩን ህንዳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ እሷን ሰፈሩ ሁሉ "የቲቸር ሚስት" ይላታል። ቀን ቀን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ከእኔ ጋር አማርኛ ትለማመድ ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዘችና፣ "በዓል አለ። የሴት በዓል። አበባ ብዙ፣ ሴት ብዙ" አለችኝ። በአገሯ ሴቶች አበባ ይከምራሉ፤ ክምሩን አምላካችን ናት ብለው እየዘፈኑ ይዞሩታል፤ በመጨረሻ ለውኃ ይሰጡታል። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል፣ "አበባውንም ሴቶቹንም እኔ አመጣለሁ!" አልኳት።

አበባውንስ አመጣሁ፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አደይ። ትሪ ላይ ዙሪያውን እየደረደረች ከፍ ስታደርገው የሞሰብ ክዳን መሰለ። ጫፉ ላይ ከእርድ ያድቦለቦለቻትን ትንሽ ነገር አስቀምጣ "እናት" አለችኝ። ዘፈኑንም አስጠናችኝ። የእኔ ድርሻ መቀበል ነበር፤ በየስንኙ መጨረሻ አንዲት ቃል ብቻ። ትርጉሟ ዥዋዥዌ ነው ብላኛለች።

እናቴ ከጸሎት ስትመለስ ትሪውን አየችው። "ይሄማ ጣዖት ነው! ከዚህ ቤት ንቅንቅ ትያትና!" የጠራኋቸውን አራት የሰፈር ልጆችም ከበር መለሰቻቸው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የቲቸር ሚስት አረንጓዴ ሐር ለብሳ፣ አምባሯ እየተንቃጨለ ወጣች። ትሪውን ግቢው መሀል አኑራ በሩን በሩን አየች። ማንም የለም። ብቻዋን እያጨበጨበች መዞር ጀመረች። አንድ ስንኝ ትልና ዝም ትላለች፤ ተቀባይ የሚገባበትን ጊዜ ሳትዘል ትጠብቃለች። ከዚያ ትቀጥላለች። ቃሏን የማውቃት እኔ ነበርኩ፤ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

ለሰው የማወራው እስከዚህ ነው። "እማዬ ከልክላኝ" እላለሁ። የቀረውን ግን ዛሬ ልናገረው።

እናቴም በመስኮት እያየቻት ነበር። ትንሽ ቆየችና "ኤዲያ!" ብላ ወጣች። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነበር፤ ከበርሜላችን ቀድታ ትልቁን ሳፋ ሞላችና አጠገቧ አስቀመጠችላት። "ውኃማ ማንም አይከለከልም" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ተመልሳ ስትገባ በሩን አልዘጋችውም። "ቃል ገብተሽላት የለም እንዴ?" አለችኝና ወደ ጓዳ አለፈች።

አልወጣሁም። ሴት ብዙ ብዬ ብቻዬን መሄዱ አሳፈረኝ። አበባው ሳፋው ውስጥ ቀስ እያለ ሲበተን በተከፈተው በር አየሁት። ጠዋት ደጃፋችን ላይ በስኳር የተድቦለቦለ ሰሊጥ በሰሃን ተቀምጦ አገኘን። ስድስት ነበር፤ ለእኔ፣ ለእናቴ፣ ለአራቱም ልጆች። መስከረም ሳይመለስ ባልየው ሥራ ቀየረና ሄዱ።

መንገድ ዳር ቆሜ ያቺን የዘፈኑን መቀበያ ቃል አልኳት፤ አንዴ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሹፌራችን አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"አቤት! ጠሩኝ እንዴ?"

"አንተን አይደለም" አልኩት።