መዶሻው አሰላ፣ ቱንቢው ኢተያ

ጠዋት ከአሰላ ወደ ኢተያ የተነሳሁት ሰው ለማምጣት ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት የሚደግፈው የድንጋይ ግንብ ጉልበት ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ክረምቱ ሳይገባ ካላለቀ አፈሩ እማዬ መኝታ ቤት መግባቱ ነው። ግንበኛው ጋሽ ቶሎሳ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብለው፣ መዶሻቸውን ትተው ጠፉ። እዚህ አገር ግንበኛ ሥራ አቋርጦ ሲሄድ ዕቃውን ያስይዛል፤ ባለቤቱም ዕቃውን እያየ ይጽናናል። እማዬ መዶሻውን አልጋዋ ሥር ደብቃ ስትጽናና ከረመች።

መንገድ

ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ጆንያ የስንዴ ዘር ጋር ወንበር ተካፈልን፤ የተሻለውን ቦታ ያገኘው ጆንያው ነው። ጭላሎ ጭጋግ ለብሷል። ስለ ጭላሎ ስንኝ ጀምሬ ቤት የሚመታልኝ ቃል ስፈልግ ኢተያ ደረስን።

ኢተያ

ጋሽ ቶሎሳን ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«መዶሻዬን አመጣህ?»

«እርስዎን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ያለ ቱንቢ ግንብ ቀጥ አይልም። ቱንቢዬ ደግሞ ወይዘሮ ዘሪቱ ጋ ነው፤ አጥሯን ሳልጨርስላት አትሰጠኝም።»

«ታዲያ አይጨርሱላቸውም?»

«በምን መዶሻ?»

«ሌላ መዶሻ…»

«ያኛው እጄን ለምዷል» አሉና ወደ ፀሐይዋ ዞሩ።

ወይዘሮ ዘሪቱ ጎረቤታቸው ናቸው። ቱንቢውን፣ ያን በሲባጎ የሚንጠለጠል ሾጣጣ ብረት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።

«ያውሱን። የእኛ ሲያልቅ መዶሻውንም ሰውዬውንም አመጣለሁ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ግጥም እጽፋለሁ።»

ቋጠሮውን አጠበቁት። ስለ እማዬ መኝታ ቤት ስነግራቸው ግን ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

መልስ

ጋሽ ቶሎሳን መሃል አስገብተን ተሳፈርን። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ «ተጠርጣሪ ናቸው?» አለኝ።

«ግንበኛ ናቸው።»

«ገባኝ። እንዳያመልጧችሁ።»

አሰላ ስንደርስ እማዬ መዶሻውን አወጣች። ሁለቱ ሴቶች ዱካ ይዘው ግንቡ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እኔ ድንጋይ አቀባይ ሆንኩ። ጋሽ ቶሎሳ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ መዶሻውን ለአንዷ፣ ቱንቢውን ለሌላዋ እያስረከቡ ነበር። ወራት የቆመው ግንብ በሳምንት አለቀ። ጋሽ ቶሎሳ «ነገ አረፍ ብዬ…» ማለት ሲጀምሩ ወይዘሮ ዘሪቱ የግንበኛውን የዕቃ ከረጢት አንግተው በር ላይ ቆመዋል። መንገድ ላይ ሌላ ደንበኛ እንዳይቀማን እኔም እስከ ኢተያ አጅቤያቸው ተመለስኩ።

ቤት እንደገባሁ ዝናቡ ጀመረ። ጠዋት ስናይ አፈሩ ተንሸራቶ ግንቡ ላይ ተደግፏል፤ ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ከጉዞው የተማርኩት፣ ሥራን የሚያስጨርሰው የተያዘ ዕቃ ሳይሆን ከላዩ የማይነሳ ዓይን መሆኑን ነው። እማዬ ድንጋዩን እየዳበሰች ለወይዘሮ ዘሪቱ ደወለች።

«የአንቺስ አጥር?»

«ደህና ነው፤ ግንበኛውን አሁን ቁርስ እያበላሁት ነው» አሉ። «በሩን ቆልፌበታለሁ።»