በቀይ የታረመ የጌም አስተያየት

ስለዚያ ጌም ተጫዋቾች የጻፉትን አስተያየት ሁሉ አንብቤአለሁ ብል ብዙ አልዋሸሁም። በተጫዋቾቹ የስልክ ግሩፕ ላይ በአማርኛ የሚለጠፈው አብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር። ግራፊክሱ ያምራል፣ ጥይቱ ያንሳል፣ ፍርሃቱ ሌላ ነው፣ የኔ ላፕቶፕ አይችለውም። አንዱማ ገና መግቢያው ላይ ፈርቶ የተወውን ጌም ዐሥር ከዐሥር ሰጠው። የአማርኛ መምህርት ነኝና እንዲህ ያለውን ሳነብ እናደዳለሁ። ሞጣ ውስጥ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በእነዚህ ስምንት ዓመታት ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ልኮራበት ብዬ አይደለም።

ጌሙ ዓለም ካለቀች በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። ከተማው ፈርሷል፣ ከሰማይ አመድ ይዘንባል፣ የተረፉት ሰዎች ከመሬት በታች ተጠልለዋል። ተጫዋቹ አንድ ጠመንጃ፣ ስድስት ጥይትና ቶሎ የሚደክም የእጅ ባትሪ ይዞ ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጭራቆቹ አያዩም፤ ይሰማሉ። ስለዚህ ከመተኮስ ዝም ማለት፣ ከመሮጥም መቆም ይሻላል። ሴት፣ ያውም የቅኔ መምህር ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ምን አገባት የሚል አይጠፋም። ያስገባኝ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ በዐሥራ ሁለት ዓመት ያንሰኛል። ከእናትና ከአባታችን ጋር ቢቸና ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊፈተን ሲል ትምህርት ተዘጋ፤ ተከፈተ ሲባል እንደገና ተዘጋ፤ በመጨረሻ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ከቶ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ቤት ቀረ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር የሃያ ዓመት ወንድ መሆን ብቻውን ያስጠይቅ ነበር። አንዱ መጥቶ ለምን ከእኛ ጋር አልሆንህም ይለዋል፤ ሌላው መጥቶ ከእነዚያ ጋር ነህ ይለዋል። እናታችን ከግቢ እንዳይወጣ ትከለክለው ነበር። ኤሌክትሪክ በመጣ ቁጥር ጌሙን ይከፍታል፤ ሲሄድ ተኝቶ ጣሪያ ያያል።

ጌሙን በፍላሽ ገልብጦ ከቢቸና ሞጣ በሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከልኝ። ፍላሹ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ «እትዬ፣ ፈሪ ስለሆንሽ አትጨርሺውም» ብሎ ጽፎ ነበር። በሦስት ሳምንት ጨረስሁት። ሁለት ጊዜ ጮኼ አከራዬን አስደንግጫለሁ፤ ይህን ግን ለእሱ አልነገርሁትም።

ከዚያ ዳታ ተዘጋ፤ ግሩፑም አብሮ ጠፋ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ኔት ሲመለስ የምንለጥፈው፣ እነዚያን ሁሉ አፋቸውን የሚያስይዝ፣ በወግ የተጻፈ አስተያየት እናዘጋጅ አልሁት። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አርማለሁ። የእሱ ዓይን ከእኔ ይበልጣል፣ የእኔ አማርኛ ከእሱ ይበልጣል። ወረቀቱን ያው ሹፌር ያመላልስልናል። መንገዱ ጉንደ ወይን ላይ ሲዘጋ ወረቀቱም እዚያው ያድራል፤ ሲከፈት ይመጣል።

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ መናገር አለብኝ። በአባታችን ጉባኤ ቅኔውን ያልተናገረ ተማሪ ሌላ ወሬ አያወራም። ታሞም ቢሆን፣ ርቦትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ቅኔው ይሰማል፣ ይታረማል። ልጅ ሆኜ አንድ ተማሪ እናቱ መታመሟን ሰምቶ ሊሰናበት መጣ። አባታችን መጀመሪያ ቅኔህን አሉት። ተናገረ፤ ሁለት ቦታ ነቀፉበት፤ አቃንቶ ደገመላቸው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ሰሙት፣ ስንቅ አስቋጠሩለት፣ እስከ በር ሸኙት። እኔ ከዚህ ልማድ የወረስሁት ማረሙን ነው። መስማቱንና መሸኘቱን አልወረስሁም።

የመጀመሪያው ወረቀት መጣ። ጌሙ የሚያስፈራው ጨለማ ስለሆነ ነው ይላል። ጨለማ ሁሉ አያስፈራም፣ ምክንያቱን አስረዳ ብዬ በቀይ ጽፌ መለስሁት። ሁለተኛው ሲመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቆመኝ፤ ባትሪው ሲደክም ተጫዋቹ ጥይት መቁጠር ትቶ እርምጃውን ይቆጥራል ይላል። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ አልገጠመኝም። ከሥሩ አሰመርሁና ምንም ሳልጽፍ አለፍሁት። ጎሽ ማለት በቤታችን አልተለመደም።

ግቢያችን ውስጥ ከወላይታ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። እሱም ጌሙን ከእኔ ገልብጦ ይጫወት ነበር፤ የሚጫወተው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍቶ፣ ድምፁን ዘግቶ ነው። ጭራቆቹ የሚታወቁት በድምፅ ስለሆነ በየደቂቃው ይበሉታል። ድምፁ ከተዘጋ ግሩም ጌም ነው፣ የኔን አስተያየት እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የወንድሜን ወረቀት በቀይ ተዥጎርጉሮ ሲያየው ወንድምሽ ነው ወይስ ተማሪሽ ብሎ ጠየቀኝ። ሥራህን ሥራ አልሁት።

ሦስተኛው ወረቀት የመጣው ከሰኔ ዝናብ ጋር ነው። ጠርዙ ርሶ ቀለሙ ትንሽ ፈስሷል። እንዲህ ይላል፦

«ጭራቆቹን ይለመዳሉ። የማይለመደው የመጠለያው በር ነው። ታንኳኳለህ፤ ከውስጥ ማን ነህ ይሉሃል። ትናገራለህ፤ እንደገና ማን ነህ ይሉሃል። ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ይሰማሃል፤ እየበሉ ነው። እነሱ ጠይቀው እስኪጨርሱ ባትሪህ ያልቃል።»

ከዚያ መስመር እንኳ ሳይዘልል፣ በዚያው እጅ ጽሕፈት፣ «እትዬ፣ እዚህ መቆየት አልቻልሁም። አንቺ ዘንድ ልምጣ? መሬት ላይ እተኛለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ቃሉ ግልጽ ነው። እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «ጭራቆቹን ይለመዳሉ» የሚለውን «ጭራቆቹ ይለመዳሉ» ብዬ አቃናሁ። ሁለተኛው «ማን ነህ ይሉሃል» ተደጋግሟል ብዬ ልሰርዝ ስል ድግግሞሹ ሥራ እንዳለው ገባኝና ተውሁት። እንዲህ ያለውን ለማየት ዓይኔ ንቁ ነበር። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ዳር እስከ ዳር ሰረዝሁባትና ኅዳጉ ላይ «ከርዕስ ውጭ ነው፤ አስተያየት በጥያቄ አያልቅም» ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ ጧት ለሹፌሩ ሰጠሁት።

ፈራሁ ብል ይቀለኝ ነበር። የሚያስፈራም ነገር ነበረ። አከራዬ ሁለተኛ ሰው እንዳላመጣ ነግራኛለች፤ በከተማውም እንግዳ ጎረምሳ ያሳደረ ሰው ይጠየቃል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያንን ልጅ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናቴ ገበያ ስትውል ጀርባዬ ላይ ነበር፤ እኩዮቼ ሲጫወቱ እኔ እሱን አባብል ነበር። ሞጣ መጥቼ የራሴን ቁልፍ ስይዝ ማንም የማይጠራኝ አንድ ክፍል አገኘሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን መካፈል አልፈለግሁም። ከጨነቀው ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ወንድሜ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ልጅ እንዳልነበረ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በስምንተኛው ቀን ሹፌሩ ቤቴ በር ድረስ መጥቶ ፖስታና በጨርቅ የታሰረች የቅቤ ቅል ሰጠኝ። ቅቤው ከእናቴ ነው። ፖስታውን እዚያው ቆሜ ከፈትሁት። የተገለበጠ ንጹሕ ጽሑፍ ነው። ያረምሁት ሁሉ ታርሟል፤ አንድ ነቁጥ አልቀረም። ማለቅ ያለበት ቦታ፣ ባትሪህ ያልቃል የሚለው ላይ አልቋል። ከዚያ በታች ባዶ ወረቀት ነው።

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። አሁን ጽሑፍ ሆነ አልሁ። ለፊዚክስ መምህሩ እየተንጎራደድሁ አነበብሁለት። እሱም አመሰገነና ልጁ ደኅና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደኅና ነው አልሁት። አራት ቀን ሙሉ በእናቴ ቅቤ ሽሮዬን እያጣፈጥሁ፣ ኔት ሲመለስ ስንት ሰው እንደሚያነበው ሳስብ ሰነበትሁ።

እሑድ ጧት ስልክ መሥራት ጀመረ። እናቴ ደወለች። ጤንነቴን ጠይቃ ሳትጨርስ ወንድሜን እንዳገናኛት ለመነችኝ። እትዬ ና ብላ ጽፋልኛለች ብሏቸው፣ መርቀው ከእነ ስንቁ ከላኩት አምስት ቀን ሆኖታል። ቅቤውንስ ሰጠሽ አለችኝ።

«አዎ፣ ሰጥቶኛል» አልኋት። «አሁን ወጣ ብሏል።»

ለምን እንዲህ እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ቅቤው እውነት ስለ ነበር ሌላውም እውነት የሚሆን መስሎኝ ይሆናል። ስልኩን እንደ ዘጋሁ የወንድሜን ቁጥር መታሁ። ዝግ ነው። ደግሜ መታሁ፤ እስኪመሽ መታሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ሹፌሩን አገኘሁት። አዎ፣ አብሮኝ መጥቷል አለ። ከኋላ ወንበር፣ ሻንጣውን አቅፎ። ሞጣ ሲወርድ ፖስታውንና ቅቤውን ሰጠውና ለእትዬ አድርስልኝ፣ እኔ እቸኩላለሁ አለው። ከዚያ የባሕር ዳሩን ሚኒባስ ጠይቆ ተሳፈረ። ለምን ያኔውኑ አልነገርኸኝም ብዬ ጮኽሁበት። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ፤ የምታውቂ መስሎኝ ነው አለ። መናኸሪያው ከቤቴ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። ቤቴ ነበርሁ።

ለእናቴ ውሸቴን ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ገበያ ሄዷል፣ ተኝቷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል እያልሁ። ያጋለጠኝ እሱ ራሱ ነው፤ ከመተማ በኩል ካለ የሰሊጥ እርሻ፣ በሰው ስልክ ለእናታችን ደወለላት። ለአረም ተቀጥሯል። ወባ ይዞት ተሽሎታል። ስለ እኔ ምን እንዳላት አልነገረችኝም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ብዙ አትነግረኝም።

መንገድ ሲከፈት ቢቸና ሄድሁ። እናቴ ሰላም ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ነበር። ጉልበት ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«መጀመሪያ የጻፈውን አንብቢልኝ» አሉ።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አባቴ ጌም ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ስለ ፈረሰ ከተማና ስለ ጭራቅ ሳነብ ግን እንደ ተማሪ ቅኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ማንኪያው ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባትሪህ ያልቃል ብዬ ቆምሁ። እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም፤ የሚቀር ያለ መስሏቸው ጠበቁ።

«መጨረሻው የታለ?» አሉኝ።

መጨረሻው አንቺ ዘንድ ልምጣ የሚል እንደ ነበር፣ መሬት ላይ እተኛለሁ የሚል እንደ ነበር፣ እኔ ከርዕስ ውጭ ነው ብዬ እንደ ሰረዝሁት ነገርኋቸው። ድምፄ ሲቆራረጥ፣ ቃሌ ሲምታታ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ስናገር ሰሙኝ። ከተወለድሁ ጀምሮ እኔ አንድ ቃል ስስት ዝም ብለው ያለፉበት ቀን አልነበረም። ያን ቀን ምንም አላረሙኝም።